አያቴ ስንት ሕገ መንግሥት አላቸው?

«ጋሼ፣ አያቴ ስንት ሕገ መንግሥት አላቸው?»

ጠያቂው የእህቴ ልጅ ነው። ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የእህቴ ማዕድ ቤት፤ ሰዓቱ ቡናው ገና ሳይፈላ። ልጁ 26 ዓመቱ ነው። አማርኛው የእናቱ ቤት አማርኛ ነው፦ ስለ ምግብ፣ ስለ ጤናና ስለ ቁጣ ሲሆን ጥርት ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ያነክሳል። እኔ ግን ለቁም ነገር የመጣ መስሎኝ ትንሽ አሰብኩና «አራት» አልኩት። እውነቴን እኮ ነው። አባባ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በልጅነቱ፣ የ1948ቱን በጎልማሳነቱ፣ የ1979ኙን ፀጉሩ ሸብቶ፣ የ1987ቱን ደግሞ መነጽር ቀይሮ አይቷል። አራት አሳልፎ ነው የሞተው።

ልጁ ስልኩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አራት በጣም ትንሽ ነው ጋሼ። በአንድ ጥፊ ይሞታሉ።»

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእህቴ ልጅና አምስት ጓደኞቹ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማታ አንድ ጠረጴዛ ከበው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ጨዋታ ነው። ኳስ የለው፣ ካርታ የለው፣ አሸናፊም የለው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት አንድ አንድ ሰው ፈጥረው፣ ያን ሰው ሆነው ያወራሉ፣ ይወስናሉ፣ ይዋጋሉ። ተራኪው «በሩ ተቆልፏል» ይላል፤ አንዱ «በትከሻዬ እገጨዋለሁ» ይላል፤ መሰበር አለመሰበሩን 20 ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። እኛ እሳት ዳር ተረት ሲነገረን «ከዚያስ?» እንል ነበር እንጂ ተራኪውን አቁመን «እኔ በዚያ በኩል አልሄድም» ማለት መች ተፈቅዶልን!

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እዚያው አሜሪካ ውስጥ «ሰይጣን ማምለክ ያስተምራል» ተብሎ በአንዳንድ ክርስቲያን ቡድኖች ክፉኛ ተወግዞ ነበር። እህቴ ይህን ታሪክ አታውቅም። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለውን ዘንዶ ብቻ አይታ ጠበል ረጭታበታለች። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ጠርዙ እንዳበጠ ነው።

ተጫዋቹ የፈጠረው ሰው ማንነት በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። እነሱ ካራክተር ሺት ይሉታል። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ገጸ ባሕርይ፣ ገጸ ባሕርይ» እያልኩ 20 ዓመት ኖሬያለሁና «የገጸ ባሕርይ ቅጽ» ብዬዋለሁ። ስም አለው፣ ሙያ አለው፣ ከዚያ ስድስት ችሎታዎች በቁጥር ይቀመጣሉ። አሳታሚው ያዘጋጀው ቅጽ በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የሚባል፣ ራሱ የሚደምር ራሱ የሚቀንስ የኢንተርኔት አገልግሎት አለ። ግን ሰው መቼ በተዘጋጀ ነገር ይረካል? ሱቁ ሙሉ ልብስ ተሰቅሎ ልብስ ሰፊ ጋ እንደሚኬደው ሁሉ ቅጻቸውን በትእዛዝ የሚያሠሩ አሉ፤ ካሉ ደግሞ ሠሪዎችም አሉ። አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የሚሞላ ፒዲኤፍ ያዘጋጃል። ሌላው እንደ ሮል ትዌንቲ ላሉ የመጫወቻ ድረ ገጾች ቅጹን በኮድ ይጽፋል። አሠራሩ ከልብስ ሰፊው ብዙም አይርቅ፤ ፍላጎት ይነገራል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ረቂቁ መጥቶ «እዚህ ጋ ጠበበኝ፣ እዚያ ጋ ሰፋኝ» ይባላል። የእህቴ ልጅ ሌላ ስቴት ከሚኖር ሠሪ ጋር በ120 ዶላር ተስማምቶ ግማሹን ከፍሏል። ሁለት እርማት በነፃ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 20 ዶላር።

ያዘዘው ቅጽ በአማርኛ ነው። ቅጹ ላይ የሚሰፍረው ሰው ደግሞ አያቱ፣ የእኔ አባት። ጓደኞቹ ኤልፍና ድዋርፍ ሆነው ሲመጡ እሱ አባባን ሆኖ ሊቀመጥ! አባባ በ1998 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ በስልክ «እንደምን አደሩ» ከመባባል በቀር አይተዋወቁም።

አባባ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጥላ ሥር፣ ኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊት። ባለጉዳዩ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ይራገማል፣ ከአያቱ ርስት ጀምሮ ይተርካል። አባባ ሳያቋርጥ ይሰማና «አመልካች»፣ «ተጠሪ»፣ «የአቤቱታው ፍሬ ነገር» እያለ በአንድ ገጽ ያወጣዋል። እሱም እኮ ሰውን በትእዛዝ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ነበር፤ በገጽ 50 ሳንቲም። የመኪናው «ቀ» አንገቷ ተሰብሮ ወደ ግራ ትጋደል ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ስሙን ሳያነቡ «ይቺ የእሱ ቀ ናት» ይሉ እንደነበር ራሱ በኩራት ይነግረን ነበር።

ወደ ትርጉሙ ልመለስ። ሕገ መንግሥቱን ያመጣው የስልኩ ተርጓሚ ነው። ኮንስቲትዩሽን እዚህ ጨዋታ ላይ የሰውነት መቋቋም ማለት ነው፤ መርዝ፣ ብርድ፣ ዱላ የመቻል ነገር። እህቴ «ጤና በለው» አለች፤ እኔ «ጽናት» አልኩ፤ እኔ አሸነፍኩ። ስትሬንግዝን «ጉልበት»፣ ዴክስተሪቲን «ቅልጥፍና» ለማለት ግማሽ ስኒ ቡና አልፈጀብንም። ኢንተሊጀንስና ዊዝደም ላይ ግን ምሳ ሰዓት ደረሰ። ልጁ ለሁለተኛው «ጥበብ» ብሎ ጽፏል። ጥበብ ስትል እኔ የሚታየኝ ሸማ ነው፣ ግጥም ነው፣ የእጅ ሥራ ነው። «እስቲ በጨዋታው ምን ይሠራል?» አልኩት። የሰውን ውሸት ከፊቱ ማንበብ፣ ኮሽታ መስማት፣ የእንስሳ ጠባይ ማወቅ፣ ሕመም መለየት። ይኼማ «ማስተዋል» ነው! ኢንተሊጀንስ «አእምሮ» ሆነ። ለካሪዝማ «ግርማ ሞገስ» አልኩና እህቴ ሳቀች፤ አባባ 1 ሜትር ከ58 ነበር።

ሙያው ላይ ጠብ ተነሣ። ልጁ በቃል ኃይል የሚሠራ ሙያ ሲፈልግ ባርድ የሚለውን አግኝቶ «አዝማሪ» ብሎ አስተረጎመው። እህቴ «አባቴን አዝማሪ?» ብላ ማንኪያ ወረወረች። (ለአዝማሪዎቻችን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ንቀቱ የእሷ ሳይሆን ያሳደገን ዘመን ነው።) ቀጥሎ ዊዛርድን አመጣ፤ ምትሐቱ በሙሉ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ የሚኖር ሰው ነው። ስልኩ «ጠንቋይ» ሲል እህቴ አማተበች። በመጨረሻ «ጸሐፊ» ብለን ተስማማን። ዝርያ የሚለው ሳጥን አላስቸገረንም። ያ ሳጥን ለዓመታት «ዘር» ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው መጽሐፍ ቃሉን ለውጠውታል። እኔ በቀበሌ መታወቂያዬ ላይ «ብሔር» ለሚለው መስመር ስንት ጊዜ ጸሐፊዋ ፊት ስቅበጠበጥ እንደኖርኩ ትዝ ብሎኝ ልጁ ምን እንደሚሞላ በጉጉት ጠበቅሁ። «ሰው» ብሎ ጻፈና አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ልጁ ይህን ሁሉ ሲያሳየኝ የባዕድ ነገር እንዳሳየኝ ነበር የሚያስበው። የእኛ ደብተራ ክታብ ሲጽፍ የብራናው ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ይለካ እንደነበረ ነገርኩት፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። በጸሎቱ መሐል የክርስትና ስሙ እየተደጋገመ ይገባል። በዳዊቱም ብራና ላይ ያጻፈው ሰው ስም ይሰፍራል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ፍቆ የራሱን ያስገባል። አውደ ነገሥት ገላጩ ደግሞ ያንተንና የእናትህን ስም ፊደል በቁጥር ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ በተረፈው ኮከብህን ያወጣል፤ ከኮከብህ ቁጡ ነህ፣ ቸር ነህ፣ ገንዘብ አይበረክትልህም ይልሃል። ዳይስ የለውም እንጂ ምን ቀረው? ልጁ ይህን ሲሰማ «እሱንም ቅጹ ላይ እናስገባው!» አለ። እናቱ በዓይኗ መለሰችለት።

የመጀመሪያው ረቂቅ መጣ። ዳር ዳሩ ሐረግ ተስሎበታል፤ ሠሪው የብራና ፎቶግራፎች ተልከውለት ስለነበር አበጅቶታል፤ አመሰገንኩት። ፊደሉ ግን የለም። «ጉልበት» መሆን በነበረበት ቦታ አራት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ኮምፒዩተር ያውቀናል፤ የሚሞላ ፒዲኤፍ ግን ፊደሉ አብሮ ካልተቀበረበት እንደ ጥንቱ አያውቀንም። አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ ፊደል ላክንለት፤ ሁለተኛው ረቂቅ አምሮበት መጣ። አንደኛው እርማት በዚህ አለቀ።

ሁለተኛውን የበላው የልጁ አምሮት ነው። ቁጥሮቹም በግዕዝ ይሁኑልኝ ብሎ ነበር፤ ፲፭፣ ፲፬ እየተባለ። በጨዋታው ሕግ ከእያንዳንዱ ችሎታ ላይ 10 ተቀንሶ የቀረው ለሁለት ይካፈላል፤ ትርፉ ይጣላል፤ የወጣው ነው ዳይሱ ላይ የሚደመረው። ቅጹ ይህን በራሱ ማስላት አለበት። የግዕዙ ቁጥር ለሒሳቡ ቁጥር ሳይሆን ሥዕል ሆነበት፤ አልደምርም አለ። «ይሁን፣ ለማሳያ ብቻ ይሁን» ሲባል የባሰው መጣ። 10 ያለው ሰው የሚደመርለት ዜሮ ነው፤ ግዕዝ ደግሞ ዜሮ የለውም! ሠሪው «ዜሮን በእናንተ እንዴት ነው የምትጽፉት?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበለው? እንደ ሌላው ዓለም በ0 እንዲሆን ታዘዘ።

አሁን የቀረው መሙላት ነው። ቁጥሩ በዳይስ ሊወጣ ይችላል፤ ወይም የተወሰኑ ስድስት ቁጥሮች ይሰጡና ታከፋፍላቸዋለህ፤ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8። ልጁ ሁለተኛውን መረጠ። «አያቴን በዕጣ አልሠራቸውም» አለ፤ ደስ አለኝ። ግን ይህ ማለት አንዱ ሳጥን ላይ የግድ 8 ይገባል ማለት ነው። 8 ያለበት ከዳይሱ ላይ አንድ ይቀነስበታል። አባባ በምን ነበር የሚያንሰው?

እህቴ 8ቱን ለጉልበት ሰጠችና ማስተዋሉ ላይ 15 አለች። እኔ ዝም ብዬ ቅጹን ሳየው ቆየሁና «ድፍረት የሚባል ሳጥን የለም?» አልኩ። የለም። ልጁ አስረዳኝ። ድራገን ፊት ለፊትህ ቆሞ ሲያስፈራራህ ላለመሸሽ ዳይስ ትጥላለህ፤ የሚደመርልህ የማስተዋል ቁጥር ነው። ፍርሃት የሚመዘነው በእሱ ነው።

«እንግዲያው 8ቱን እዚያ አድርግለት» አልኩ።

እህቴ ጀበናውን አስቀመጠች። «ለምን?»

በ1970 ዓ.ም. እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሷ 17። ከግድግዳችን አዋሳኝ የነበሩት ሴት፣ በልጅነቴ እንጀራቸውን የበላሁ ሴት፣ አንድ አመሻሽ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወሰዱባቸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ማመልከቻ ጻፍልኝ፤ ለቀበሌው ይሁን ለከፍተኛው፣ ለማንም ይሁን» አሉት። አባባ «መኪናው ተበላሽቷል» አላቸው። ያን ዕለት ጠዋት ሲጽፍበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሴትየዋ ጠረጴዛው ላይ ተሸፍኖ የተቀመጠውን መኪና አዩት፤ አባባን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ልጃቸው አልተመለሰም። አባባ ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለተበደለ ሁሉ ጽፎ የማይታክት» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቼበታለሁ፤ መቃብሩ ላይ ሲነበብ እነዚያ ሴት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመው ነበር።

ይህን ስጨርስ እህቴ «ያን ሳምንት እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

«ደብረ ብርሃን። አያታችን ዘንድ።»

«እሱ ላንተ የተነገረህ ነው። ጓዳ ነበርኩ፤ ከእህሉ ጆንያ ኋላ። 11 ቀን። የአይጥ መርዝ ተደርጓል፣ ጓዳ እንዳትገባ የተባልከውን ታስታውሳለህ?»

አስታወስኩ። የአይጥ መርዙን አስታወስኩ፣ እናታችን በሌሊት የምታሞቀውን ወጥ አስታወስኩ፤ ተራበች እንጂ ሌላ ምን ላስብ?

«በ1969 መጋቢት ቤት ለቤት ሲፈተሽ» አለች፣ «መሣሪያ ብቻ አልነበረም የሚፈልጉት። የጽሕፈት መኪና ነው፣ ማባዣ ነው። የአባባ የቀረለት እንጀራው ነው ተብሎ፣ ተመዝግቦ ነው። ያቺን ቀ የማያውቃት አልነበረም። ያ ማመልከቻ ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ ማን ጻፈው ለማለት አንድ ቀን አይፈጅባቸውም፤ ማታውን ቤታችን ነበሩ። ሲመጡስ? እኔ ጆንያ ኋላ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ወረቀቱ ልጁን ያድነው ነበር አላልኩም፤ አያድነውም ነበር። አባባ ፈራ። ለእኔ ፈራ። ተሳስቷል የምትል ከሆነ አንተ ልጅ፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ በለኝ።»

አላልኩም። ፊቷን እያየሁ እንዴት ብዬ? ግን ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«እትዬ፣ በእጁስ? በእጁ ሊጽፍላቸው ይችል ነበር።»

አባባ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱ ከመኪናው ያምር ነበር። ጽሕፈቱን ለውጦም ቢሆን፣ ሳይፈርምበትም ቢሆን...

እህቴ ብዙ ቆየች። «ይችል ነበር» አለች።

ልጁ ላፕቶፑን ከደነው። እናቱ 11 ቀን ጓዳ መክረሟን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ቅጹ ላይ «የኋላ ታሪክ» በሚለው ቦታ «አያቴ ድሆችን ሁሉ ይረዱ ነበር» ብሎ ጽፎ እንደነበር አውቃለሁ፤ እናቱ የነገረችውን ነው የጻፈው። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ተበተንን።

ሁለት ቀን ስለ ቅጹ ማንም አላነሣም። በሦስተኛው ጠዋት ልጁ ወደ ሥራ ሊሄድ ቦርሳውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ሰውየው የመጨረሻውን ሊልክልኝ ነው። 15 ልበለው ወይስ 8?» አለኝ። እህቴ ዕቃ እያጠበች ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ውሃውን ግን ዘጋችው።

«ለማስተዋል ሁለት ሳጥን ይሥራልህ» አልኩት።

«ሁለት? ጋሼ፣ እርማቱ አልቋል። 20 ዶላር ይጠይቃል።»

20 ዶላሩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ማታ ሲመለስ መልስ መጥቶ ነበር። ሠሪው ትእዛዙ በስህተት የተላከ መስሎታል፤ «አንድ ሰው ሁለት ዊዝደም የለውም» ብሎ ጽፏል። ልጁ ስህተት እንዳልሆነ አስረዳው። ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ ሳጥኖቹን ጎን ለጎን፣ እኩል አድርጎ ሠራቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ ላከ። ድምሩ ከየትኛው ይሰላ?

ልጁ ጥያቄውን ጮክ ብሎ አነበበው። እህቴ እኔን አየችኝ።

«ከ15ቱ» አልኩት።

«8ቱስ?»

«እሱም ይታይ።»